አንድም ተማሪ አላለፈልኝም፤ ማስተማር ልተው?

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። በጉራጌ ዞን አንዲት ትንሽ ከተማ ኬሚስትሪ ስታስተምሪ ይኸው አራተኛ ዓመትሽ ነው። መስከረም ላይ የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ ከትምህርት ቤታችሁ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች ግማሽ ያመጣ ጠፋ። ከዚያ ወረዳው ስብሰባ ጠራ። የየትምህርት ቤቱ ስም ከነፐርሰንቱ ተነበበ። የእናንተ ተራ ሲደርስ «ዜሮ» ተባለ፤ አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አያችሁ። ርዕሰ መምህሩ ከስብሰባው እንደተመለሱ አዲስ አሠራር አወጡ፤ 12ኛ ክፍል ከእንግዲህ ቤተ ሙከራ አይገባም፤ ከጥር ጀምሮ የቆዩ ፈተናዎች ብቻ ይሠራሉ። አንቺም ራስሽ የመምህራን የብቃት ምዘና ይጠብቅሻል። እና ሦስት ነገር ጠየቅሽኝ። ሰነፍ አስተማሪ ነኝ ወይ? የባንክና የፋብሪካ ላብራቶሪ ማስታወቂያ አይቻለሁ፣ ልውጣ ወይ? ከ600 268 አምጥታ ከቤት መውጣት ያቆመችውን ተማሪዬን ምን ልበላት?

በመጀመሪያው ልጀምር። ሌሎቹ ሁለቱ እሱ ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው።

ከዚያ «ዜሮ» ተነስቶ ሰነፍ ነሽ ማለት አይቻልም። ላጽናናሽ ብዬ አይደለም። ቁጥሩ ራሱ እንደዚያ አይልም።

እስቲ አገሪቱን እንያት። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት የጀመረው በ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ነው። ወደ 900 ሺህ ከሚጠጋ ተፈታኝ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። በዚያ በመጀመሪያው ዓመት አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,100 በላይ ነበሩ። የነዚህ ሁሉ ትምህርት ቤቶች መምህራን በአንድ ጊዜ ሰነፍ ሆነው ነው ብሎ የሚያምን ሰው ያለ አይመስለኝም።

አሁን ደግሞ አንቺ ፊት የተቀመጡትን ልጆች እይ። በ2017 የተፈተኑት በመጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ 7ኛ ክፍል ነበሩ። ወራት ቤት ተቀመጡ። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ቀርቷል፤ ስለዚህ ከ8ኛ ክፍል በኋላ የት እንደደረሱ የሚነግራቸው አገር አቀፍ ፈተና አልነበረም። ሁለተኛ ደረጃ ሲገቡ ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ሆነ። ይህን ሁሉ ተሸክመው አንቺ ጋ ደረሱ። አንቺ ያገኘሻቸው አንድ ወይም ሁለት ዓመት ነው፣ ያውም በሳምንት ጥቂት ክፍለ ጊዜ። ወረቀቱ የሚመዝነው ግን አሥራ ሁለቱን ዓመት ነው።

ሌላም አለ፤ ይኼኛው ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነው። ጥያቄው አራት ምርጫ አለው። ምንም ሳያነብ ዝም ብሎ ያጠቆረ ልጅ በአማካይ ከመቶ 25 ያገኛል። ስለዚህ 26 ያመጣውንና 31 ያመጣውን ልጅ የለያቸው ዕውቀት ይሁን ዕድል ማወቅ አይቻልም። ፈተናው የተሠራው ዩኒቨርሲቲ ማን ይግባ የሚለውን ለመለየት ነው። ለዚያ ይሠራል። ከታች ያለውን ልጅ ግን አያየውም። የሞል (የንጥረ ነገር መጠን መለኪያ) ትርጉም ሳያውቅ 11ኛ ክፍል ገብቶ፣ ባንቺ ድካም እኩልታ ማመጣጠን የቻለ ልጅ አለሽ እንበል። ለዚያ ልጅ ትልቅ ነገር ነው። የ12ኛ ክፍል ወረቀት ላይ ግን የለም። የአራት ዓመት ሥራሽ ትልቁ ክፍል እዚያ ውስጥ ተቀብሮ ይሆናል።

ይህን ስልሽ ምንም አይመለከትሽም ማለቴ አይደለም። የተማሪዎችሽን ውጤት በየትምህርቱ አውጥተሽ ጎን ለጎን አስቀምጪው። ኬሚስትሪ ከፊዚክስና ከባዮሎጂ ጋር ተቀራራቢ ከሆነ ችግሩ የጋራ ነው። ኬሚስትሪ ብቻውን ወርዶ ከተገኘ ግን የራስሽ የቤት ሥራ አለ፤ እሱን ሳትሸሺ ያዢው። ስብሰባው ላይ ይህን ያነሳ ሰው ነበር? በደብዳቤሽ አልነገርሽኝም። ያልተነሳ ይመስለኛል።

ፈተናውን ራሱን ግን አልረግመውም። በ2008 የእንግሊዝኛው ፈተና ቀድሞ ወጥቶ በማኅበራዊ ሚዲያ ሲሰራጭ ፈተናው በሙሉ ተሰርዞ እንደገና መሰጠቱን ታስታውሻለሽ። ኩረጃ ተለምዶ፣ ሌሊቱን ሲያጠና ያደረ ልጅ ከኮረጀው በታች የሚሆንበት ዘመን ነበር። ተማሪው ስልክ ሳይዝ ዩኒቨርሲቲ አድሮ መፈተኑ ያንን በብዙ ቀንሶታል። መርዶም ቢሆን እውነቱን አወቅነው። ለዚህ አመሰግናለሁ።

ጉዳቱ የሚጀምረው ያው አንድ ቁጥር ተማሪውንም፣ አንቺንም፣ ርዕሰ መምህሩንም፣ ወረዳውንም ይመዝን ሲባል ነው። ያኔ ሁሉም ሰው ቁጥሩን ማሳደድ ይጀምራል። ጎበዝ የተባለው መምህር ከ9ኛ ክፍል ተነቅሎ 12ኛ ይመደባል። 9ኛ ክፍል፣ መሠረቱ የሚጣልበት ቦታ፣ ለአዲስ ተቀጣሪ ይተዋል። ማጠናከሪያ ትምህርት ሲሰጥ ለማለፍ ጥቂት የቀራቸው ልጆች ይጠራሉ፤ ከኋላ ያሉት «ለነሱማ ምን ዋጋ አለው» ተብለው ይቀራሉ። ልጁ የሚጠይቀው ጥያቄ ሳይቀር ይለወጣል። «ለምን እንዲህ ሆነ?» ማለት ትቶ «ቲቸር፣ ይኼ ፈተና ላይ ይመጣል?» ይላል። መምህራን ሲጽፉልኝ ከሁሉም በላይ የሚያሳዝናቸው ይህ መሆኑን አያለሁ፤ አንቺም ጽፈሽዋል።

በአሜሪካ አትላንታ ነገሩ እስከ ፍርድ ቤት ሄዷል። የተማሪዎች ውጤት የመምህራንና የርዕሳነ መምህራን እንጀራ ላይ የሚወስን ሆነ። ውጤቱ እየጨመረ ሄደ፤ ከተማዋም ተሞገሰች። እ.ኤ.አ. በ2011 የግዛቲቱ መርማሪዎች ሪፖርታቸውን ሲያወጡ በ44 ትምህርት ቤቶች 178 መምህራንና ኃላፊዎች በማጭበርበር ስማቸው ተነሳ። የተማሪውን የተሳሳተ መልስ በላጲስ እያጠፉ ትክክለኛውን ያጠቁሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 አሥራ አንዱ በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተባሉ። የተጎዱት ግን ልጆቹ ነበሩ። ማንበብ ያልቻለ ልጅ «አልፏል» ከተባለ ተጨማሪ እገዛ የሚሰጠው ማን ነው? ርዕሰ መምህርሽ እዚያ ይደርሳሉ ማለቴ አይደለም። እሳቸውም ከላይ ተጠይቀው ነው፤ በዚያ አዳራሽ ከሁሉም በላይ የተሸማቀቁት እሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም። ስለዚህ ቂም ሳትይዢ፣ ባዶ እጅሽን ሳትሄጂ አነጋግሪያቸው።

ምን ይዘሽ? ይህን ልንገርሽ፤ የደብዳቤዬ ዋና ነገር እዚህ ነው።

የቆየ ፈተና ማሠራት በራሱ ክፉ አይደለም። ክፋቱ መልሱን ነግሮ ማለፍ ነው። አንድ ጥያቄ እንውሰድ። 3 ሞል ሃይድሮጅን ከ2 ሞል ኦክስጅን ጋር ሲዋሃድ ስንት ሞል ውሃ ይገኛል? ምርጫዎቹ 1.5፣ 3፣ 4 እና 5 ይሁኑ። መልሱ 3 ነው፤ ሁለት ሞል ሃይድሮጅን ከአንድ ሞል ኦክስጅን ጋር ሁለት ሞል ውሃ ስለሚሰጥ፣ ቀድሞ የሚያልቀው ሃይድሮጅኑ ነው። አሁን «ስንት ልጅ አገኘው?» ብለሽ አታቁሚ። የሳቱት የት እንደሄዱ ቁጠሪ። 5 ያለው ልጅ 3 እና 2 ደምሯል። እኩልታው ምን እንደሚል ገና አልገባውም። 4 ያለው ልጅ ግን እኩልታውን ያውቃል፤ ከኦክስጅኑ ተነስቶ በትክክል አስልቷል፤ የሳተው የትኛው ቀድሞ እንደሚያልቅ ማየቱን ብቻ ነው። 1.5 ያለው ደግሞ የሚያስፈልገውን ኦክስጅን አስልቶ እዚያው ቆሟል። ሦስቱም በፈተናው ዜሮ ናቸው። አንቺ ጋ ግን ሦስት የተለያዩ ትምህርቶች ይፈልጋሉ።

ከዚያ ያንኑ ጥያቄ በአማርኛ ጽፈሽ በሌላ ቀን ስጪያቸው። ቁጥሮቹን ቀይሪ። በእንግሊዝኛ ሲሆን የሳቱት በአማርኛ ካገኙት ችግሩ ኬሚስትሪ አይደለም። በየምዕራፉ አሥር አሥር የጥያቄ ቃላት ማስያዝ ከሃምሳ ቆየት ያሉ ጥያቄዎች የበለጠ ይጠቅማቸዋል። ይህን ከእንግሊዝኛ መምህሩ ጋር ተመካክራችሁ መሥራት ትችላላችሁ።

ቤተ ሙከራውንም በዚሁ መልክ አስመልሺው። «ሙከራ መብታቸው ነው» ብለሽ ብትከራከሪ ርዕሰ መምህሩ በጄ አይሉም። «4 ብለው የሳቱትን ልጆች በአንድ ክፍለ ጊዜ አስተካክላቸዋለሁ» በያቸው። የሚያስፈልግሽ አራት ባዶ ሃይላንድ፣ አራት ፊኛ፣ አቼቶና ቤኪንግ ሶዳ ነው። በየጠርሙሱ አንድ አንድ የቡና ሲኒ አቼቶ አድርጊ። በፊኛዎቹ ውስጥ ግማሽ፣ አንድ፣ ሁለትና ሦስት የሻይ ማንኪያ ሶዳ ጨምሪና አፍ ላይ አጥልቂያቸው። ሶዳው ሲወርድ ፊኛዎቹ ይነፋሉ። መጀመሪያ ላይ ሶዳው በጨመረ ቁጥር ፊኛው ይተልቃል። አንድ ቦታ ሲደርስ ግን ሶዳ ብትጨምሪም ያው ነው። አቼቶው አልቋል፤ ያልተበላው ሶዳ ይተርፋል። ልጆቹ «አለቀ!» ብለው ራሳቸው ይናገሩታል። ከዚያ ወዲያውኑ፣ እዚያው፣ ያንን የፈተና ጥያቄ መልሰሽ ስጪያቸው። በፊትና በኋላ ስንት እንዳገኙ መዝግቢ። ሁለቱን ቁጥሮች ይዘሽ ቢሮ ግቢ።

ስለ ራስሽ ምዘና ብዙ አልልም። ሚኒስቴሩ የሁለተኛ ደረጃ መምህራንን መመዘን ከጀመረ ወዲህ ብዙዎች እንደ ውርደት አዩት። ስሜቱ ይገባኛል፤ ደሞዙ የቤት ኪራይ እንኳ በማይሸፍንበት ጊዜ ፈተና ሲጨመር ያማል። ግን አንቺ የምትፈሪው አይነት ነገር አይደለም። የምታስተምሪውን ትምህርት ከ9ኛ እስከ 12ኛ ከነመጽሐፉ ከልሺ፤ በተለይ አሁን የማታስተምሪያቸውን ክፍሎች፣ መምህራን የሚረሱት እነሱን ነውና። በማስተማር ሥነ ዘዴው በኩል የፒጂዲቲ (የድኅረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማ) ማስታወሻሽን አውጪ። ዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጡት የክረምት ሥልጠና ዕድል ከደረሰሽ አትዝለዪው።

አሁን ወደ «ልውጣ ወይ?» እንምጣ።

መውጣት ነውር አይደለም። አራት ዓመት አገልግለሻል። ግን በስብሰባው ማግስት አትወስኚ። ራስሽን አንድ ነገር ጠይቂ፤ ያ ዜሮ ባይኖር ኖሮ ጠዋት ተነስቼ ክፍል መግባት እወድ ነበር ወይ? በደብዳቤሽ ስለ ተማሪዎችሽ የጻፍሽው ከራስሽ ይበልጣል። ለኔ መልሱ እዚያ አለ፤ ግን አንቺ ነሽ የምታውቂው።

ባንኩን በተመለከተ ሐሳቤን በግልጽ ልንገርሽ፤ አልመክርሽም። ከቁጥር ሸሽተሽ ወደ ሌላ ቁጥር ነው የምትገቢው። ባንክ የሚሠራ ጓደኛ ካለሽ ጠይቂው፤ ተቀማጭ አምጡ፣ አካውንት አስከፍቱ ተብሎ በየወሩ የሚመደብለት ኮታ አለው። ኬሚስትሪሽም እዚያ ምንም አይሠራም። ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ሙያሽ ልመለስ ብትይ የተቋረጠ ልምድ ይዘሽ ነው።

የፋብሪካው ላብራቶሪ ግን ሌላ ነው። አንቺ መጀመሪያ በኬሚስትሪ ዲግሪ ይዘሽ ከዚያ ፒጂዲቲ የተማርሽ ነሽ። ዲግሪሽ ለጥራት ቁጥጥር ሥራ ክፍት ነው፤ ሲሚንቶ ይሁን ቢራ፣ የታሸገ ውሃ ይሁን ሳሙና። አመልክቺ። ሲቪሽ ላይ ግን «ኬሚስትሪ መምህርት» ብለሽ አትለፊ። ያለ ረዳት ቤተ ሙከራ ማደራጀትሽን፣ ኬሚካል መረከብና መመዝገብሽን፣ በሴሚስተር ስንት ተማሪ ፈትነሽ ውጤት እንዳጠናቀርሽ ጻፊ። ከላይ ያልኩሽን የጥያቄ ትንተና ከሠራሽ ደግሞ በኤክሴል አድርጊው። ዳታ ሰብስቦ ምክንያቱን የሚፈልግ ሰው ለጥራት ቁጥጥር የሚፈለግ ሰው ነው። ለመያድ የክትትልና ግምገማ ሥራም፣ ወደፊት ትምህርት ቢሮ በፈተና ዝግጅት ክፍል ልሥራ ብትይም ያው ሠንጠረዥ ይጠቅምሻል።

ለቃለ መጠይቅ ከተጠራሽ ሳትጠይቂ እንዳትወጪ፤ ሥራው በፈረቃ ነው ወይ? የሌሊት ፈረቃ ካለ ሰርቪስ አለ ወይ? ደሞዙ ከቤት ኪራይ በኋላ ስንት ይተርፋል? በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ብቁ አይደለሽም ብለው ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብቱሽ ይችላሉ። ስለዚህ ቅጥሩ በጽሑፍ ሳይደርስሽ መልቀቂያ እንዳታስገቢ። ከወረዳው የሰው ሀብት ክፍል የመልቀቂያ ማስታወቂያ ስንት ጊዜ ቀድሞ መስጠት እንዳለብሽና የወጪ መጋራት ጉዳይሽ ምን ላይ እንዳለ አሁኑኑ አጣሪ። ብዙ ሰው የሚያዘው በክሊራንስ ነው። የሥራ ልምድ ማስረጃሽንም ሰላም ባለበት ጊዜ ጠይቂ።

እኔን ብትጠይቂኝ አንድ የትምህርት ዘመን ስጪው። ያልኩሽን ሥራ በ9ኛና በ12ኛ ክፍል ሞክሪው፣ ጎን ለጎን አመልክቺ። ሰኔ ላይ ልብሽ ያው ከሆነ ውጪ፤ ማንም የመውቀስ መብት የለውም።

የተማሪሽ ጉዳይ ግን ሰኔን አይጠብቅም።

268 ከ600 ማለት ለግማሹ 32 ነጥብ ጎደላት ማለት ነው። በስድስት ትምህርት ሲካፈል በየትምህርቱ አምስት ነጥብና ትንሽ። በ2017 ከመቶ ተፈታኝ ከ91 በላይ የሚሆነው ግማሽ አላመጣም፤ እሷ ደግሞ ከነዚያ ሁሉ ለመስመሩ በጣም ከቀረቡት ናት። ይህን ለሷ ብቻ ሳይሆን ለአባትና ለእናቷ ቁጭ ብለሽ በወረቀት እያሰላሽ አሳዪያቸው። ቤተሰብ የሚሰማው «ወደቀች» የሚለውን ብቻ ነው። ውጤት በወጣ ሰሞን ደላላ ወደ እንዲህ ያለ ቤት እንደሚመጣ ታውቂያለሽ፤ «ቤይሩት፣ ሪያድ ልላካት» የሚል። ከሱ ቀድመሽ ድረሺ።

መንገዷ ሦስት ነው። የመጀመሪያው ሪሚዲያል ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ለተወሰኑ ወራት ትማራለች፣ ተፈትና ካለፈች ፍሬሽማን ትቀጥላለች። የመግቢያውን ነጥብ ሚኒስቴሩ በየዓመቱ ያወጣል፤ ባለፉት ዓመታት ከነበረው አንጻር 268 ጥሩ ነጥብ ነው። ሁለተኛው በግል ተመዝግባ እንደገና መፈተን ነው። ይህን የምመክረው ውጤቷን በየትምህርቱ አይተሽ አንድ ወይም ሁለት ትምህርት ብቻ ከጎተታት ነው፤ በሁሉም እኩል ዝቅ ካለች አንድ ዓመት ቤት ተቀምጣ የሚለወጥ ነገር ትንሽ ነው። ሦስተኛው የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ናቸው። እጇ ሥራ የሚወድ ከሆነ ይህን እንደ ሽንፈት አታቅርቢላት፤ ኤሌክትሪክም ሆነ የላብራቶሪ ቴክኒሻንነት የሚያበላ ሙያ ነው። ብቻ ኮሌጁ የምትመርጠውን ሙያ የሚያስተምርበት ወርክሾፕ እንዳለው ሄዳችሁ በዓይናችሁ እዩ።

የምዝገባ ጊዜው አጭር ነው፣ እናንተ ጋ ደግሞ ኔትወርኩ አንዳንዴ ለቀናት ይጠፋል። ማስታወቂያው ሳይሰማ ያለፈባቸው ልጆች አሉ። የፈተና መለያ ቁጥሯንና የ12ኛ ክፍል ትራንስክሪፕቷን አሁን ያዢላት፤ ስልክሽን ለወረዳው የፈተና ባለሙያ ስጪው፤ ጥሪው እንደወጣ አብረሻት ወልቂጤ ወርደሽ አስመዝግቢያት። ምን እንደተወሰነ ጻፊልኝ።